የወንድምህን ዕዳ ለሌላ ከመሸጥህ በፊት



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ በዚህ በተባረከ የጁሙዓ ቀን አንድ ጉዳይ አብረን እናስብ።

አሜሪካ የሚኖር አንድ ወንድማችን ቤቱን ለሌላ ሙስሊም ሸጠ እንበል። ገዢው ከባንክ በወለድ መበደር አልፈለገም። በ300,000 ዶላር ተስማሙ፤ 60,000 በቅድሚያ ተከፈለ፤ ቀሪው 240,000 ያለ ወለድ በየወሩ 1,000 ዶላር፣ በ20 ዓመት እንዲያልቅ ተፈራረሙ። ቤቱም የዕዳው መያዣ ሆነ። ማሻአላህ! ሁለቱም ከሪባ ሸሹ።

አምስት ዓመት አለፈ። ገዢው አንድም ወር አላስተጓጎለም። አሁን ግን የሻጩ እናት ታመሙ፤ ገንዘብ በአስቸኳይ ያስፈልጋል። እዚያ አገር እንዲህ ያለ የዕዳ ሰነድ የሚገዙ ድርጅቶች አሉ። «የቀረህን 180,000 ለእኛ አዙር፤ 120,000 አሁኑኑ እንስጥህ» አሉት።

«የራሴን መብት ነው የምሸጠው፤ የሚጎድልብኝም እኔው ነኝ፤ ማንን በደልኩ?» ይል ይሆናል።

እስቲ የሚሸጠው ምን እንደሆነ እንይ። ቤቱ ከተሸጠ አምስት ዓመቱ ነው። በእጁ የቀረው ወደፊት የሚመጣ ገንዘብ ብቻ ነው። ዛሬ 120,000 ተቀብሎ በጊዜ ብዛት 180,000 ማስረከብ፣ ስሙ ምንም ይሁን ምን፣ ገንዘብን በሚበልጥ ገንዘብ መለወጥ ነው። አብዛኞቹ ዑለማዎች ዕዳን ለሦስተኛ ወገን በቅናሽ መሸጥን የከለከሉት ለዚህ ነው። ቤቱ ሲሸጥ የሸሹት ሪባ ዕዳው ሲሸጥ ደረሰባቸው።

ሌላም አለ። ሰነዱ ሲሸጥ የውሉ ቃል በአብዛኛው አይለወጥም፤ የሚለወጠው ባለገንዘቡ ነው። ገዢው ነገ ሥራ ቢያጣ «ወንድሜ፣ ሁለት ወር ታገሰኝ» የሚለው ማንን ነው? አላህ የተቸገረን ባለዕዳ እስኪያገኝ እንድንጠብቀው በሱረቱል በቀራ አዞናል። ሰነዱን የሸጠ ሰው ይህንን የአጅር በር አብሮ ሸጦታል።

ታዲያ እናቱን ምን ያድርግ? መጀመሪያ ወደ ባለዕዳው ይሂድ። ከዕብ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) በመስጂድ ውስጥ ዕዳውን ሲጠይቅ ድምፃቸው ከፍ አለ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሰምተው ብቅ አሉና ግማሹን እንዲተውለት በእጃቸው ጠቆሙት። እሺ አለ። ባለዕዳውንም ተነስቶ ቀሪውን እንዲከፍል አዘዙት። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ቅናሹ የደረሰው ለባለዕዳው ነው።

«አሁን 40,000 ብትከፍለኝ 10,000 እተውልሃለሁ» ቢለውስ? በዚህ ላይ ዑለማዎች ተለያይተዋል። ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1992 ጅዳ ላይ፣ አስቀድመው ካልተዋዋሉበትና በሁለቱ መካከል ብቻ ከሆነ እንደሚፈቀድ ወስኗል፤ ሦስተኛ ወገን ከገባ ግን አይሆንም። ስለዚህ ሸይኽ ይጠይቅ። የጎደለውን ደግሞ ከጀመዓው በቀርዱል ሐሰን ይፈልግ። እኛም ስንጠየቅ ፊታችንን አናዙር፤ ወንድማችን ወደዚያ ድርጅት የሚሄደው ብዙ ጊዜ የእኛ በር ተዘግቶበት ነው።

ለማያውቀው ድርጅት 60,000 ዶላር ለመተው የቆረጠ ሰው፣ ለሚያውቀው ወንድሙ 10,000 መተው ለምን ይከብደዋል?

ዛሬ ከመግሪብ በፊት የማን ዕዳ በእጃችሁ እንዳለ አስቡ። አላህ ሪዝቃችንን ሐላል፣ ልባችንን ለባለዕዳ የሚራራ ያድርግልን። አሚን።