ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ በሲና ተራራ ግርጌ

ልጆቼ፣ ሲና ተራራ ላይ ጀንበር ስትወጣ ለማየት ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። በግብፅ ከሻርም ኤል ሼክ ወይም ከዳሃብ ማታ ተነስቶ፣ ሌሊቱን ተራራ አስወጥቶ፣ በማግስቱ የሚመልስ የአውቶቡስ ጉዞ እዚያ በየሆቴሉ ይሸጣል። እኔም መጀመሪያ የሄድኩት ከሁሉም ርካሹን መርጬ ነው። ርካሽ አትግዙ አልላችሁም፤ ዋጋው ከምን ላይ እንደተቀነሰ ጠይቃችሁ ግዙ።

በእኔ ጉዞ የተቀነሰው ከእንቅልፌና ከመሪው ላይ ነበር። በየኬላው ፓስፖርት እያሳየን በአውቶቡስ ስንንገላታ አምሽተን፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ተራራው ግርጌ አወረዱን። ለዚያ ሁሉ ሰው የተሰጠን መሪ አንድ ብቻ ነበር። ገና ግማሽ ሰዓት ሳንሄድ ጎበዛዝቱ ከፊት ጠፉ፤ እኔና አንዲት ጉልበቷ የደከመ ልጅ ጨለማው ውስጥ ብቻችንን ቀረን። የግመል ኮቴ ከኋላችን ሲመጣ ወደ ገደሉ በኩል ሸሸን። እዚህ ላይ ስሙኝ፦ ግመል ሲያልፍ ሁልጊዜ ወደ ተራራው ግድግዳ ተጠጉ እንጂ ወደ ጠርዙ አትሽሹ። ያን ሌሊት ይህን የነገረን ሰው አልነበረም።

ሲናን ያለ መሪ መውጣት አይፈቀድም። መሪዎቹ የጀበሊያ ጎሣ በደዊዎች ናቸው፤ ንጉሠ ነገሥት ዮስጢንያኖስ በ6ኛው መቶ ዘመን የቅድስት ካትሪንን ገዳም ሲያሠራ እንዲጠብቁት ከላካቸው ሰዎች እንደሚወለዱ ይናገራሉ። ድንጋዩን በእግራቸው ጣት ያውቁታል። ስለዚህ ገንዘብ ስትቆጥቡ ከእነሱ ላይ አትቆጥቡ። ሦስት ወይም አራት ሆናችሁ ቀን ሳለ ቀደም ብላችሁ ገዳሙ አጠገብ ወዳለችው ትንሽ ከተማ ሂዱ፣ ቀላል ማረፊያ ይዛችሁ ጥቂት ሰዓት ተኙ፣ መሪውን እዚያው ቅጠሩ፤ ክፍያውን ተካፈሉት። ግመል ከፈለጋችሁም ሳትቀመጡበት በፊት ዋጋውን ጨርሱ፤ ግመሉ የሚያደርሰው እስከ መጨረሻዎቹ 750 ደረጃዎች ድረስ ብቻ መሆኑንም እወቁ። ከዚያ በኋላ ሁሉም በእግሩ ነው።

የሰዓት ጉዳይም አለ። የጉዞ ወረቀታችሁ ላይ «ቅዳሜ 1 ሰዓት» ተብሎ በፈረንጅ አቆጣጠር ከተጻፈ፣ በእኛ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው፤ ሻንጣ ይዛችሁ በር ላይ የምትቆሙት ዓርብ ማታ ነው። አውቶቡስ ያመለጠው የአገሬ ልጅ አይቻለሁ፣ ገንዘቡም አልተመለሰለትም። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የምትነሱ ደግሞ የግብፅ ቪዛችሁንና ወደ ሥራችሁ የሚመልሳችሁን ፈቃድ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት አረጋግጡ።

ስለ ከፍታው አትጨነቁ። ጫፉ 2,285 ሜትር ነው፤ እንጦጦ ይበልጠዋል። የሚያታልለው ብርዱ ነው። ዱባይ ወይም ጅዳ የከረመ ሰው ብርድ ምን እንደሆነ ይረሳል። ዳገቱ ላይ ሁሉም ያልበዋል፤ ከዚያ ጫፍ ላይ ጀንበር እስክትወጣ አንድ ሰዓት በረጠበ ልብስ ይቀመጣል፣ ንፋሱም እስከ አጥንቱ ይገባል። እኔ ጥርሴ ሲንገጫገጭ አንድ ሻይ ሻጭ የራሱን ብርድ ልብስ አልብሶኛል። እናንተ ቀለል ያለ ልብስ ለብሳችሁ ውጡ፣ ደረቅ ካናቴራ በላስቲክ ያዙ፣ ከደረጃዎቹ በታች ባለው የመጨረሻ ሻይ ቤት ቀይሩ። ጋቢያችሁን ከላይ ደርቡበት፤ ከየትኛውም ጃኬት የማያንስ ነው። ጓንት፣ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ፣ ሁለት ሊትር ውኃ፣ አንድ እፍኝ ቆሎ። ጫማችሁ አዲስ አይሁን።

ደብረ ሲና ስንል ላደግን ሰዎች ያ ንጋት ሌላ ነው። ጫፉ ላይ ትንሽ ቤተ ክርስቲያንና ትንሽ መስጊድ አሉ፤ በየቋንቋው የሚዘምር ሰው ይሞላዋል። ጀንበሯ ብቅ ስትል ሁሉም ስልኩን ያነሳል። እናንተ አንዴ አንሱና አስቀምጡት። ሁለተኛ ጊዜ ስሄድ መሪዬ የነበረው ወጣት ክንዴን ይዞ ወደ ምዕራብ አዞረኝ፤ የተራራው ጥላ ከሩቅ ተራሮች ላይ ተኝቶ ነበር፣ ቀዩ ድንጋይም ሲግል እንደ ፍም ይመስል ነበር።

ቁልቁለቱ ላይ አትቸኩሉ። መነኮሳት የሠሩት የንስሐ ደረጃ 3,750 ነው ይባላል፤ ውብ ነው፣ ጉልበትን ግን ይፈትናል። ጉልበቱ የሚያመው በግመሉ መንገድ ይውረድ፣ አይፈር። ገዳሙ ብዙውን ጊዜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ተከፍቶ እኩለ ቀን ሳይሞላ ይዘጋል፣ ዓርብና እሑድ አይከፈትም። ቀኑን ስትመርጡ ይህን አስቡ፤ ገዳሙ ሳይከፈት የሚመልስ ጉዞ ርካሽ ቢሆንም አትግዙት፤ ሙሴ ሲነድ ያየው ነው የሚባለውን ቁጥቋጦ በአጥሩ ውስጥ ትታችሁ መመለስ ያንገበግባል።

ከታች ስትደርሱ መሪያችሁን ሻይ ጋብዙት። ጉርሻውንም ለድርጅቱ ሳይሆን በራሱ እጅ፣ በሁለት እጃችሁ ስጡት።