መቋሚያው ሲነሣ

የማሕሌት ሌሊት ረጅም ነው። እኩለ ሌሊት ሲያልፍ በረድፍ የቆሙት ሊቃውንት ክብደታቸውን ቀስ በቀስ ወደ መቋሚያቸው ያዛውራሉ። ዕድሜ የተጫናቸው አንድ አባት ደግሞ የመቋሚያውን ራስ ብብታቸው ሥር አስገብተው ዐይናቸውን ይከድናሉ፤ ለማያውቅ ሰው እንቅልፍ የወሰዳቸው ይመስላል። ዝማሜው ሲጀመር ግን ያው መቋሚያ ከብብት ይወጣል። ወደ ግራ ዘንበል፣ ወደ ቀኝ ዘንበል ይላል፤ ወደ ላይ ይነሣል፤ ጫፉ መሬት ይመታል። ፊት ለፊት የቆመው ረድፍም ያንኑ ያደርጋል። ጸናጽሉ ይከተላል፣ ከበሮው ይነሣል፣ ወረቡ ሲደርስ ሽብሸባው ይሞቃል። ከደቂቃዎች በፊት ደካማውን አባት ደግፎ ያቆመው እንጨት አሁን የሁሉንም እርምጃ የሚገጥም ምት ሆኗል።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ጥያቄ ይነሣል። ሰዎች መጀመሪያ በልባቸው ተስማምተው ነው አብረው የሚንቀሳቀሱት? ወይስ አብረው በመንቀሳቀሳቸው ነው ልባቸው የሚገጥመው? ሥጋ የነፍስ ተሸካሚ ብቻ ከሆነ ማኅበር የሚሠራው በሐሳብና በቃል ነው፤ ጭፈራው፣ ሽብሸባው፣ እስክስታው ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጌጥ ነው። ይህ ካልሆነ ግን አንድን ሰፈር ለማቀራረብ ከስብሰባ ይልቅ ከበሮ ሊቀድም ይችላል ማለት ነው።

አማርኛ ለዚህ ጥያቄ ቀጥተኛ መልስ አላቆየልንም። የግእዙ «ዘፈነ» መዝለልንና መጨፈርን ይናገራል፤ ዛሬ «ዘፈን» ሲባል ግን ጆሮ የሚሰማው ዓለማዊውን ዜማ ነው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ዳዊት በታቦቱ ፊት ያደረገው በዚህ ቃል ተጽፏል። ቅዱስ ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች ከሥጋ ሥራዎች ጋር የቆጠረው ነገርም «ዘፋኝነት» ተብሎ ተተርጉሟል። አንድ ሥር ያለው ቃል በአንድ ቦታ የንጉሥ አምልኮ፣ በሌላ ቦታ ከስካር ጎን የተሰለፈ ኃጢአት ነው። ስለዚህ የሰፈር ወጣት ማዕከል ውዝዋዜ ሊያስተምር ሲነሣ የሚያመነታ ወላጅ አይፈረድበትም፤ ጥርጣሬው የመጣው ከሚያከብረው መጽሐፍ ነው።

ይሁንና በዚያው በዳዊት ታሪክ ውስጥ ሚስቱ ሜልኮል አለች። በመስኮት ሆና አየችው፣ በልቧም ናቀችው። ቅሬታዋን ልብ ብሎ ላነበበ ሰው፣ ያስቆጣት መዝለሉ ብቻ አልነበረም፤ ንጉሡ በአገልጋዮቹ ሴቶች ፊት ራሱን ዝቅ ማድረጉ ነው። ትክክል አይታለች። ጭፈራ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ዙፋን ላይ ያለውንና ውኃ የምትቀዳውን አንድ ምት ላይ ያቆማቸዋል። የሳተችው፣ ያንን እንደ ውርደት መቁጠሯ ነው። ከመስኮት ለሚያይ ሰው ጭፈራ የአካል መፈራገጥ ብቻ ነው።

ስለ ቅዱስ ያሬድ የሚነገረው ትውፊት ነገሩን ከሌላ ጎን ያሳያል። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሊቁ በአፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር ንጉሡ ዜማው ስቧቸው ጦራቸውን ያሬድ እግር ላይ ተከሉት፤ ደሙ ፈሰሰ፤ ዜማው እስኪያልቅ ግን የወጋውም የተወጋውም አላወቁም። ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚነገረው የያሬድን ተመስጦ ለማሳየት ነው። ሆኖም ንጉሡም አልተሰማቸውም። ሁለቱ ሰዎች በአንድ ዜማ ውስጥ ነበሩ።

ከዚያ ከአሥራ አራት መቶ ዓመታት በኋላ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ትሠራ የነበረችው ብሮንዊን ታርና ባልደረቦቿ 264 የብራዚል የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን በቡድን በቡድን አስደነሱ። አንዳንዱ ቡድን አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ በአንድ ምት፣ ሌላው የየራሱን እንዲሠራ ተደረገ፤ አንዳንዱ ቆሞ ላብ እስኪወጣው፣ ሌላው ተቀምጦ በእጁ ብቻ። ከዚያ በፊትና በኋላ የደም ግፊት መለኪያው ጨርቅ ክንዳቸው ላይ እየተነፋ ሕመሙን እስከምን እንደሚችሉት ተለካ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ውጤት እንደሚለው፣ ምት መግጠሙም ላብ ማውጣቱም እያንዳንዳቸው ለየብቻቸው የሕመም መቻያውን ከፍ አድርገዋል፤ ተማሪዎቹም አብረዋቸው ለደነሱት ልጆች ያላቸው ቅርበት ጨምሯል። ጥናቱ ትውፊቱን አያረጋግጥም፤ ትውፊቱም የጥናት ማረጋገጫ አይሻም። ነገር ግን ሁለቱም የሚያመለክቱት ወደ አንድ አቅጣጫ ነው፦ አካል ከሌሎች ጋር ሲገጥም «የእኔ ሕመም» የሚባለው ድንበር ይላላል።

አዲስ አበባ ይህን በተግባር አይታዋለች። እ.ኤ.አ. በ1996 እንግሊዛዊው ኮሬዎግራፈር ሮይስተን ማልዱም መቶ ያህል የጎዳና ልጆችን ሰብስቦ በካርል ኦርፍ «ካርሚና ቡራና» ሙዚቃ መድረክ ላይ አወጣቸው። ከዚያ የተመረጡ ወጣቶች ለዓመታት ሠለጠኑ፤ አዱኛ የተሰኘው የማኅበረሰብ የዳንስ ቲያትር ተወለደ። ስሙ ራሱ ይደንቃል። አዱኛ የዓለም ሀብት ነው፣ የእነዚያ ልጆች ሀብት ግን እግራቸውና እጃቸው ብቻ ነበር። ከእነርሱ አንዱ ጁነይድ ጀማል ሰንዲ እ.ኤ.አ. በ2004 ለሮሌክስ የጥበብ መርሐ ግብር ተመርጦ ከጃፓናዊው ሳቡሮ ቴሺጋዋራ ሥር ተማረ። ከጓደኛው ከአዲሱ ደምሴ ጋርም እ.ኤ.አ. በ2009 ለንደን ውስጥ በታዋቂው ሳድለርስ ዌልስ መድረክ ላይ ወጣ፤ ኋላም ሁለቱ አዲስ አበባ ውስጥ ዴስቲኖ የተባለውን የዳንስ ተቋም መሠረቱ።

የለንደኑ ስኬት ደስ ያሰኛል። ለመነሻ ጥያቄያችን የሚበልጠው ግን ብዙ ያልተወራለት ሥራቸው ነው። የአዱኛ ወጣቶች፣ ካንዱኮ ከተባለው የብሪታንያ የዳንስ ቡድን መሥራቾች አንዱ ከሆነው ከአዳም ቤንጃሚን ጋር ሠርተው፣ አካል ጉዳት ያለባቸውና የሌለባቸው ሰዎች አንድ ላይ የሚደንሱበት ቡድን አቋቋሙ። እንዲህ ባለው ዳንስ ተሽከርካሪ ወንበርና ክራንች ከመድረክ ጀርባ አይቀመጡም። የክራንቹ ጫፍ ወለሉን ሲነካ ያ ድምፅ የዳንሱ ምት ነው፤ የወንበሩ መሽከርከር እንደ አንድ እርምጃ ይቆጠራል። የማሕሌቱን መቋሚያ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

አብሮ መንቀሳቀስ በራሱ ግን በጎ አይደለም። አሜሪካዊው የታሪክ ሊቅ ዊልያም ማክኒል እ.ኤ.አ. በ1941 ቴክሳስ ውስጥ በምልምል ወታደርነት ለሰዓታት ሰልፍ ይረግጥ ነበር። ሰልፉ ለጦርነት ምንም የማይጠቅም መሆኑን እያወቀ ውስጡን የሚሞላ እንግዳ ደስታ ተሰማው። ያ ስሜት ከግማሽ ምእት ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1995 መጽሐፍ አጻፈው፤ ጭፈራና የወታደር ሰልፍ ሰዎችን እንዴት እንደሚያጣብቁ የሚመረምር መጽሐፍ። እ.ኤ.አ. የ1930ዎቹ የናዚ ሰልፎችም የቆሙት በዚሁ ደስታ ላይ ነበር። ከበሮ ማኅበር ይሠራል፤ ማኅበሩ ምን ዓይነት እንደሚሆን ግን ከበሮው አይወስንም።

ታዲያ መለያው ምንድን ነው? እርምጃው ያልገጠመለትን ሰው ምን ያደርጉታል የሚለው ነው። ሰልፍ የሳተውን ያወጣዋል፣ ይቀጣዋል። የማሕሌቱ ረድፍ ግን ለደከመው እንጨት ይሰጠዋል፣ እንጨቱንም የሥርዓቱ አካል ያደርገዋል። እርግጥ ነው፣ የማሕሌቱ ሥርዓት የሆነው አቋቋም ለማንም የተከፈተ አይደለም፤ ለዓመታት የሚማሩት፣ ጎንደር በአታ ድረስ ሄደው የሚያስመሰክሩበት የወንዶች ሙያ ነው። በጥምቀት ዕለት ግን ታቦቱ ሲወጣ በሩ ይሰፋል፤ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጃገረዶች ያሸበሽባሉ፣ እናቶች በእልልታና በጭብጨባ ይገባሉ፣ መንገዱ ሁሉ ይንቀሳቀሳል። በወሎ መንዙማ ድቤው ሲመታም አካል ዝም ብሎ አይቀመጥም።

ከአገር የራቁትም ይህን ያውቁታል። በ1984 እና በ1991 እ.ኤ.አ. በተካሄዱት ታላላቅ የማጓጓዝ ዘመቻዎች ቤተ እስራኤላውያን እስራኤል ሲገቡ ብዙዎቹ ዕብራይስጥ አይችሉም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 ኮሬዎግራፈሯ ሩት ኤሼል በሃይፋ ዩኒቨርሲቲ ከኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ጋር «እስክስታ» የተሰኘውን የዳንስ ቲያትር ስትመሠርት መነሻ ያደረገችው የወላጆቻቸውን ትከሻና የቄሶቹን የጸሎት እንቅስቃሴ ነው። ልጆቹ የወላጆቻቸውን ቋንቋ እየረሱ ነበር፣ ትከሻቸው ግን ያስታውስ ነበር።

የጤና ባለሙያዎችም ወደዚህ እየመጡ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ሪፖርት ጥበብ ለጤና የሚሰጠውን ጥቅም የሚመለከቱ ከ3000 በላይ ጥናቶችን መርምሯል። ብሩክሊን ውስጥ የማርክ ሞሪስ የዳንስ ቡድን ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለፓርኪንሰን ሕሙማን የዳንስ ትምህርት ይሰጣል፤ እግሩ መሬት ላይ ተቸንክሮ አልንቀሳቀስ የሚለው ሰው ምት ሲሰማ አንዳንዴ እርምጃው ይመለስለታል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ጭፈራን እንደ ኪኒን በመጠን ማዘዝ ከተጀመረ አንድ ነገር ይጠፋል። ወደ እልልታው የሚገባ ሰው የደም ግፊቱን ሊያስተካክል አይመጣም። ጤናው የሚመጣው ሌላ ነገር ፈልገው ለተሰበሰቡ ሰዎች ነው። ያ «ሌላ ነገር» እግዚአብሔርን ማመስገን ሊሆን ይችላል፣ ጎረቤትን ማግኘት ሊሆን ይችላል፤ ከተሰረዘ ግን የሚቀረው ስፖርት ነው። ስፖርትም ጥሩ ነው፣ ብቻውን ያለን ሰው ግን ብቻውን ላብ ያስወጣዋል።

አብሮ መጨፈርን ለመሞከር ትልቅ አዳራሽ አያስፈልግም። በየከተማችን ዕድሮች አሉ። ድንኳን አላቸው፣ አግዳሚ ወንበር አላቸው፣ የአባላቱ ስም ዝርዝር አላቸው፣ ማን በየትኛው ቤት እንደታመመ ያውቃሉ። ድንኳኑ ግን በአብዛኛው የሚተከለው ሰው ሲሞት ነው። የዕድር ዳኞች በወር አንድ እሑድ ለሕያዋን ቢተክሉት፣ ከበሮ የሚያውቅ አንድ ወጣት ቢጠሩ፣ ጉልበታቸው ለደከመ እናቶችና አባቶች ወንበሩን በግማሽ ክብ ቢያስቀምጡላቸው፣ ምርኩዛቸውንም ግድግዳ ላይ እንዲያስደግፉ ሳይሆን መሬት እንዲመቱበት ቢነግሯቸው ምንም የሚያወጡት ወጪ የለም። የሚቀጥለው የዕድር ስብሰባ አጀንዳ ላይ ይህን አንድ መስመር አስይዙት።