ሲበጠስ «ቁም» የሚል ብረት

ምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ፤ በ2009 ዓ.ም. አዲሱ የኤሌክትሪክ መስመር ተመረቀ። ድሬዳዋ ድረስ ሄዶ የድሮውን ዕቃ የሚያይ ግን ዛሬም አይጠፋም። አውሮፓም ውስጥ፣ ምሰሶ ላይ ክንዱን እያነሣ እየጣለ ባቡሩን «ቁም»፣ «እለፍ» የሚለውን አሮጌ ምልክት ፍለጋ አገር የሚያቋርጡ አሉ።

ለመሆኑ ያረጀ ብረት ምኑ ይወደዳል? የደልጊ ቀዛፊ እንዲህ ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። የደንገል ታንኳውን ቱሪስቱ ፎቶ ያነሣል፤ ውሃ የሚያበሰብሰው ግን እሱን ነው። ያ ምሰሶ ላይም በዝናብ እየወጣ ፋኖሱን ጋዝ የሚሞላ ሠራተኛ ነበር። ድካሙን ረስቶ መልኩን ብቻ መውደድ የጥጋብ ፍቅር ነው።

እስቲ አሠራሩን ደግሞ እንይ። ሠራተኛው ማንሻውን ሲስብ ረጅም ሽቦ ክንዱን ያንቀሳቅሳል። ሽቦው ቢበጠስ፣ ክንዱ በክብደት ወደ «ቁም» እንዲመለስ ተደርጎ ተሠርቷል። አየህ ወዳጄ፣ ብረቱ ሲጎዳ «እለፍ» ብሎ አይዋሽም!

ከኛስ መሀል ያላወቀውን ሲጠየቅ «ቆይ፣ አላውቅም» የሚል ስንቱ ነው? ነገ ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ ዳኛ እንሆናለን፤ «እለፍ» ስንለው የሚያልፍ ሰው አለ። ብረቱ ቢዝግ ይዛግ፤ ሕጉ ግን ይወረስ።