ጭቃውን ማን አነሳው?

ሰምና ወርቅን ለተማሪ በማስረዳት ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። ሰሌዳው ላይ አንድ ስንኝ እጽፍና ‹‹ላይ ላዩ ሰም ነው፤ ውስጡ ወርቅ ነው›› እላለሁ። ተማሪም ይጽፋል፣ በፈተናም ይመጣል፣ ይታረማል፣ ያልፋል። አንድ ቀን ከኋላ ወንበር የምትቀመጥ ልጅ እጇን አወጣችና ‹‹መምህር፣ ሰሙ ግን ለምን ሰም ተባለ?›› አለችኝ። ‹‹ምሳሌ ነዋ!›› አልኳት። ‹‹የምን ምሳሌ?›› አለች። ደወሉ ባይደርስልኝ ኖሮ ምን እንደምላት እንጃ።

መልሱን ያገኘሁት ከአንድ አንጥረኛ ደጃፍ ነው። አንጥረኛው መስቀል ወይም ቀለበት ሊሠራ ሲነሳ መጀመሪያ ወርቁን አይነካውም። የሚፈልገውን ቅርጽ በንብ ሰም ይሠራል። ከዚያ ሰሙን በላመ ጭቃ ይለብጠውና መውጫ ቀዳዳ ይተውለታል። ጭቃው ደርቆ እሳት ሲነካው ሰሙ ቀልጦ ይፈስሳል። ባዶ በቀረው ቦታ የቀለጠው ወርቅ ይገባል። ሲቀዘቅዝ ጭቃው ይሰበራል፤ ወርቁም ይወጣል። የቅኔ ሊቃውንት ለጥበባቸው ስም ሲፈልጉ የተዋሱት ይህንን ሥራ ነው። ልብ በሉልኝ፤ ሰሙም ተነሳ፣ ወርቁም ተነሳ። ሁለቱን ያገናኘውን ጭቃ ግን ያስታወሰው የለም። እኔም ብሆን ያን ሁሉ ዓመት ሳስተምር አንድም ቀን አላነሳሁትም።

ከጭቃው ይልቅ የሚገርመው ግን የሠሪው ነገር ነው። ለትልቁ የቃል ጥበባችን ስም ያበደረንን ይህንን ሰው ‹‹ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል›› ብለን ልጆቻችንን ስንሸፍንበት ኖረናል። ብረት ቀጥቃጩን፣ ፋቂውን፣ ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ በአንድ ቃል ጠይብ የምንለውን ሁሉ እንደዚሁ። ጥያቄዬ ቀላል ይመስላል፤ የእጁን ሥራ ወድዶ እጁን መጸየፍ ይቻላል ወይ? መቻሉንስ ኖረንበት አይተነዋል። የከበደኝ እንዴት እንደቻልን ነው።

ትንሽ ራቅ ልበልና ልመለስ። መስታወት በምድጃ የሚያቀልጡ ትናንሽ ስቱዲዮዎች የሚሠሩት ሥራ ከአንጥረኛችን ብዙ አይርቅም። ቅርጹን በሰም ወይም በጭቃ ያወጣሉ፤ በጄሶና በሲሊካ ዱቄት ድብልቅ ይሸፍኑታል፤ ሰሙን በእንፋሎት ያስወጣሉ። ባዶው ላይ የመስታወት ስብርባሪ ይከምሩና ምድጃውን ከ800 ዲግሪ በላይ ያሞቁታል። ስብርባሪው እንደ ማር እየተሳበ ይወርዳል። ከማቅለጡ ይልቅ የሚከብደው ማቀዝቀዙ ነው። 500 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ረጅም ሰዓት ያቆዩታል፤ ከዚያ ቀስ እያሉ ያወርዱታል። ወፍራም ከሆነ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጃል። የቸኮለ ይሰነጠቅበታል። በመጨረሻም ቅርጽ ማውጫው ተሰብሮ ይጣላል።

እ.ኤ.አ. በ1934 አሜሪካ ውስጥ ኮርኒንግ በሚባል ከተማ ለፓሎማር ቴሌስኮፕ 5 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው የመስታወት ገበታ ሲፈስስ፣ የመጀመሪያው ሙከራ የተበላሸው በቅርጽ ማውጫው ምክንያት ነበር። ከቅርጹ አካል የተወሰኑት ከሙቀቱ የተነሳ ተነቅለው በቀለጠው መስታወት ላይ ተንሳፈፉ። የመስታወቱን ቀመር ጠንቅቀው የሚያውቁ ሊቃውንት ማንም የማያየው ነገር አሳፈራቸው። በዚያው ዓመት መጨረሻ እንደገና አፈሰሱ፤ ለማቀዝቀዝ ብቻ ወደ 10 ወር ፈጀ። ቼኮቹ ስታኒስላቭ ሊቤንስኪና ያሮስላቫ ብሪክቶቫ ደግሞ ባልና ሚስት ነበሩ፤ እሱ ይስላል፣ እሷ ሥዕሉን በጭቃ ታወጣዋለች። መስታወቱ ሙዚየም ሲገባ የሁለቱም ስም አብሮ ተጻፈ። እዚያ አገር ጭቃ የነካ እጅ ስሙ አልተፋቀም ማለት ነው።

እኛ ዘንድስ? አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን፣ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ያስጎተቱትን ሴባስቶፖልን ሁላችንም እናውቃለን። መድፉን ያፈሰሱትን አውሮፓውያን ሚሲዮናውያን ታሪክ በስም ይጠራቸዋል። አፈር ያቦካውን፣ ከሰል የተሸከመውን፣ ወናፍ የነፋውን የአገሬውን ሰው ግን በስሙ የሚጠራው የለም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው እየጠሩ መስደብ እንዲቀር አዋጅ አስነገሩ። ብርቱ አዋጅ ነበር፤ ሥራ የሚሠራውን ሰው የሚንቅ አገሩን እንደሚጎዳ ያስተዋለ። ከዚያ ወዲህ መቶ ዓመት አልፏል። ስድቡ ከአደባባይ ወደ ጓዳ ገባ እንጂ አልጠፋም። የት እንደተደበቀ የሚታወቀው ሠርግ ሲመጣ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ፤ ነገሩን ያስነሳብኝም እሱ ነውና።

የእህቴ ልጅ ቆቦ ነው ያለው። ከወልዲያ ተነስቶ ወደ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ያን ሜዳ ያውቀዋል፤ በምሥራቅ የዞብል ተራራ፣ መሐሉ ማሽላ፣ ክረምት ላይ ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ እየጠለፈ እርሻውን የሚያጠጣ ገበሬ። ልጁ የመስኖ ባለሙያ ነው። እዚያው ከአንዲት አስተማሪ ጋር ተዋወቀና ‹‹አጎቴ፣ ናና እያት›› አለኝ። ሄድኩ። ልጅቷን ወደድኳት። አያቷን ግን ይበልጥ ወደድኳቸው።

አያትየው ሸክላ ሠሪ ናቸው። ገበያው ዳር ጭድ ጎዝጉዘው ምጣድና ጀበና ደርድረው ተቀምጠዋል። ‹‹እናቴ፣ እንዴት ነው የሚሠሩት?›› አልኳቸው። ‹‹አፈሩን ከሩቅ ነው የምናመጣው ልጄ። ብቻውን ግን አይሆንም። የተሰበረ ገል ፈጭቼ እጨምርበታለሁ። ያረጀው ካልገባበት አዲሱ እሳት አይችልም፤ ይፈነዳል›› አሉኝ። በኩበትና በጭራሮ ነው የሚያቃጥሉት፤ ምድጃ የለ፣ ቴርሞሜትር የለ። ቀለሙን አይተው ያውቃሉ። ምጣዱን በጣታቸው ኳ አደረጉና ‹‹ስማው›› አሉ። ሌላውንም መቱ። ‹‹ይኼስ?›› ልዩነቱ አልገባኝም። ሳቁብኝና ሁለተኛውን ለብቻው አስቀመጡት። ለካ ዓይን የማያየው ስንጥቅ ነበረበት። ገዢ ሳያየው ሊሸጡት ይችሉ ነበር። ‹‹ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች›› የሚለውን ተረት ያወጣ ሰው ምክንያቱን ቢጠይቅ ኖሮ ምናልባት ይኼንን ያገኝ ነበር።

ደሴ ተመልሰን ነገሩ ለቤተሰብ ሲቀርብ ዘር ተቆጠረ። ያባት በኩል ደህና ተባለ። የእናት በኩል ላይ ሲደርስ ክፍሉ ዝም አለ። እህቴ ጋቢዋን እያስተካከለች ‹‹እኔ ሰው አልንቅም፤ ግን ልጅ ሲወለድስ?›› አለች። ዓይኗ እኔ ላይ ነበር። ከዚያ ቤት የተማረው እኔ ነኝ። ‹‹ወንድምዓለም፣ አንተ ምን ትላለህ?››

ያልኩትን ልንገራችሁ፤ ‹‹መቼም ለልጅ የሚበጀውን ከወላጅ የበለጠ የሚያውቅ የለም›› አልኩ።

ሕገ መንግሥቱን አውቀዋለሁ፤ አንቀጽ 25 ሰው ሁሉ እኩል ነው ይላል፣ አንቀጽ 34 የጋብቻን መብት ይናገራል። ሰምና ወርቅንም አውቀዋለሁ። ቡዳ የሚባል ነገር የለም ብዬም አምናለሁ። ታዲያ ለምን? ብዙ አሰብኩበት። እህቴም እኮ በአደባባይ ‹‹ቡዳ›› ብላ አታውቅም። ‹‹አለማወቅ ነው፣ ትምህርት ሲስፋፋ ይጠፋል›› የሚለው የለመድነው መልስ እዚህ ላይ አይሠራም፤ እኔ አልተማርኩም እንዳልል ተምሬያለሁ። አለማወቅ አይደለም። ምቾት ነው። ሸክላ ሠሪዋ ምጣዷን በርካሽ የምትሸጠው፣ ከማዕድ የምትርቀው፣ መሬትና ምስክር ያጣችው ስለምንፈራት ነው ብለን ነበር። እኔ አሁን ነገሩ ተገላቢጦሽ ሳይሆን አይቀርም እላለሁ፤ ራቅ ብላ እንድትኖርልን ስለፈለግን ነው ፍርሃቱን የፈጠርነው። ከአፈር ቅርጽ የሚያወጣ እጅ ከማዕዳችን ቢቀመጥ የኛ እጅ ምን እንደሚሠራ ይጠየቃል።

እዚያው ራያ ውስጥ ዘወልድ የሚባል ሽምግልና አለ። ሰው የገደለና ወንድሙ የሞተበት በሽማግሌ ፊት ቀርበው፣ ደም ደርቆ፣ አብረው የሚኖሩበት ሥርዓት ነው። ደም የሚያስታርቅ አገር ነው። ያቺ አያት ግን ማንን ገደሉና ነው የሚታረቁት? ላልበደለ ሰው ሽምግልና አይላክለትም።

‹‹አንድ ቃል ባልናገር ምን ነበረበት፣ ውሳኔው የእነሱ አይደለም ወይ?›› የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። እኔም ለራሴ ብዬዋለሁ። ነገር ግን ዝም አላልኩም እኮ፤ ተናገርኩ። ያንን ዓረፍተ ነገር የመረጥኩት ለሁለት የሚተረጎም ስለሆነ ነው። እህቴ ወርቁን ሰማች፣ ልጁም ወርቁን ሰማ። ሰሙ ለኔ ቀረ።

ልጁ ከዚያ ወዲህ ስልኬን አያነሳም። ሠርጉም ቀረ።

ባለፈው ወር ለሌላ ጉዳይ ወደ ቆቦ ልሄድ ስል እህቴ ደወለች። የኤሌክትሪክ ምጣዷ ተሰንጥቆባታል። ምጣዱ ኤሌክትሪክ ይባል እንጂ ሽቦው የሚቀበርበት ገበታ ያው ሸክላ ነው። ‹‹እዚህ የሚሸጠው አንድ ዓመት አይቆይም›› አለች። ትንሽ ዝም አለችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ‹‹ወንድምዓለም፣ ከቻልክ ከዚያችው ከሴትዮዋ ግዛልኝ። የሷ አይሰነጠቅም ይላሉ።››

‹‹እሺ›› አልኳት። ሄድኩም። እዚያው ጭዳቸው ላይ አገኘኋቸው፤ አወቁኝ። ስለ ልጁ አልጠየቁኝም። ከደረደሩት ውስጥ አንዱን አነሱና በጣታቸው ኳ አደረጉት፤ ከዚያ ወደኔ አስጠግተው እስክሰማው ጠበቁኝ።