በእምብርት በኩል

የሁላችንም የመጀመሪያ ጠባሳ እምብርታችን ነው። የተቆጣ ትርፍ አንጀት በካሜራ ሲወጣ ሐኪሙ አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው በዚያው በኩል መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል። እዚያ ላይ የሆድ ግድግዳ ስስ ነው፤ ጡንቻ አይቆረጥም፤ አዲሱም ጠባሳ በአሮጌው እጥፋት ውስጥ ይሸሸጋል።

እዚያ በሚከፈተው ትንሽ ቀዳዳ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይነፋል። ሆዱ እንደ ድንኳን ቀስ እያለ ይነሳና አንጀቱ ከግድግዳው ይርቃል። ይህ ጋዝ የተመረጠው በእሳት ስለማይያያዝና ደም በቀላሉ ስለሚቀበለው ነው። ሥራው ሲያበቃ አብዛኛው ለመሣሪያዎቹ በተከፈቱት ቀዳዳዎች ይለቀቃል፤ የተረፈውን ደሙ ወደ ሳንባ ያደርሰዋል፣ ሕመምተኛውም ተንፍሶ ያስወጣዋል። ለሐኪሙ የተከፈተውን ቦታ በመጨረሻ ጨርሶ የሚዘጋው የገዛ እስትንፋሱ ነው ማለት ነው። በማግስቱ ትከሻውን የሚያመው ሰው አለ። ሆዱን ታክሞ ትከሻው ለምን? ጋዙ የነካካው የድያፍራም ነርቭ ከትከሻው ጋር አንድ መነሻ ስላለው።

ትርፍ አንጀት በዚህ መንገድ የወጣው መጀመሪያ ጀርመን ውስጥ፣ በኪል ከተማ፣ በ1980 እ.ኤ.አ. ነው። ያወጣው ኩርት ዜም የማህፀን ሐኪም ነበር። የጀርመን ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር ፕሬዚዳንት ዜም ከሕክምና ሥራው እንዲታገድ እስከ መጠየቅ ደረሱ። ቁጣው ያሳዝነኛል፤ ድንጋጤው ግን ይገባኛል። ዕድሜውን ሆድ በጣቱ እየዳበሰ የኖረ ሰው፣ የእጁን ዕውቀት አስቀምጦ በመነጽር ብቻ አይቶ እንዲሠራ መጠየቅ ቀላል አይደለም።

የሚታየው ግን ብዙ ነው። ትንሿን ጣት የምታክል አንጀት ቀልታ፣ አብጣ፣ የደም ሥሮቿ ተገትረው ትታያለች። አንዳንዴም ሞራው መጥቶ ተጠምጥሞባታል፤ ሐኪም ሳይደርስ ሰውነቱ ራሱ መግሉ እንዳይሰራጭ ሲከላከል ቆይቷል ማለት ነው። ሐኪሙ ሞራውን በእርጋታ ገልጦ ሥሯን ያስርና ይቆርጣል፤ የቀዳዳውን ቁስል እንዳትነካ በከረጢት አድርጎ ያወጣታል።

በአገራችን በብዙ ሆስፒታሎች ትርፍ አንጀት አሁንም የሚወጣው ቀኝ ታችኛው ሆድ ተከፍቶ ነው። ያም ሕይወት ያድናል፤ የሚሠሩትን እጆች አከብራለሁ። ነገር ግን በካሜራ የታከመ ሰው ብዙውን ጊዜ ቶሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። ቶሎ መመለስ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ደግሞ ለሚያርሰውና ለሚሸከመው፣ የተኛበት ቀን ሁሉ ከልጆቹ አፍ ለሚቀነስበት ሰው ነው። ይህ ሕክምና በአቅራቢያው በሚገኝ ሆስፒታል ሲደርሰው ማየት እመኛለሁ።