ማን ያሸንፋል? ካሸነፈስ በኋላ?



ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት ወደ ደባርቅ ስንመለስ ከጓደኞቻችን ጋር የምናነሣው ክርክር ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ ይኸውም «ማን ያሸንፋል?» የሚል ነው። አንዳንዶቻችን መገመት ሳይበቃን «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» እንላለን። በዚህ ምክንያት ሰላምታ ያቋረጥንም አለን። ለመሆኑ ምኞታችንን ትንቢት ማለት ይገባናልን?

መልሱን ከአገራችን እንፈልገው። የስሜንና የትግራይ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም አቡነ ሰላማን ከግብፅ አስመጡ፤ በጃን አሞራም ደረስጌ ማርያምን አሠሩ፤ በዚያም ሊነግሡ ተስፋ አድርገው ነበር። ይህን ያየ ሰው «ውቤ ይነግሣሉ» ቢል ማን ይፈርድበታል? ሆኖም በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ በደረስጌ ጦርነት ድል አደረጓቸውና በዚያው ቤተ ክርስቲያን፣ በዚያው ጳጳስ እጅ ነገሡ። ስማቸውንም በፍካሬ ኢየሱስ ከመከራ በኋላ በሰላም ይገዛል ከተባለለት ንጉሥ ወስደው ቴዎድሮስ ተባሉ።

አገርን አንድ ለማድረግ መድከማቸው አይካድም። ነገር ግን ስም ሥራን አይተካም። ውቤ ለዓመታት በእስራት ማቀቁ፤ ንጉሡን የቀቡት አቡነ ሰላማም በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ እንደታሰሩ ዐረፉ። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ንጉሡ ራሳቸው በዚያው አምባ ሕይወታቸውን አጠፉ።

የሌላውንም አገር እናስተያይ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1800 ምርጫ ፕሬዚዳንት ጆን አዳምስና ቶማስ ጄፈርሰን ሲወዳደሩ፣ ሰባክያን ሳይቀሩ «ጄፈርሰን ከተመረጠ ሃይማኖት ይጠፋል» ይሉ ነበር። ጄፈርሰን ተመረጠ፤ አብያተ ክርስቲያናት ግን አልተዘጉም። አዳምስም ሳይታሰር ወደ ቤቱ ሄደ፤ እ.ኤ.አ. ከ1812 ጀምሮ ሁለቱ ታርቀው ደብዳቤ ይጻጻፉ ነበር። ያኔ በዚያች አገር ባርነት ነበረና ፍጹም አርአያ ናት አንልም፤ ተሸናፊው በሰላም ወደ ቤቱ መግባቱ ግን ሊታሰብበት ይገባል።

እንግዲህ መገመት ኃጢአት አይደለም። ግምታችንን በእግዚአብሔር ስም ማተም ግን የማናውቀውን እንደምናውቅ መናገር ነው፤ የደገፍነው ሰው ሲበድልም አፋችንን ይይዘናል። ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፣ «ማን ያሸንፋል?» ስንባባል «አሸናፊው የተሸነፈውን ምን ያደርገዋል?» የሚለውንም እንጨምር። መጀመሪያም ራሳችንን እንጠይቅ፤ ሰላምታ ካቋረጥነውም ጓደኛ እንጀምር።