አንድነቱን ማን ፈረመው?

የፖላንድና የሊቱዌኒያ አንድነት የተጀመረው በአንዲት ልጅ ትዳር ነው። ያድቪጋ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1384 የፖላንድን ዘውድ ስትደፋ ገና ሕፃን ነበረች፤ የታጨችውም ለኦስትሪያው መስፍን ለዊልሄልም ነበር። መኳንንቱ ግን ሌላ መከሩ። የሊቱዌኒያው ታላቅ መስፍን ዮጋይላ በ1385 ክሬቮ ላይ ክርስትና ሊነሣና አገሩን ከፖላንድ ዘውድ ጋር ሊያጣምር ቃል ገባ። በዓመቱ ክራኮው ውስጥ ተጠምቆ ያድቪጋን አገባ። ዕድሜዋ ዐሥራ ሁለት ገደማ ነበር። ያ ትዳር ሁለት አገር እንዳዳነ ሲወደስ በሰማሁ ቁጥር፣ የልጅቷን ልብ የጠየቀ ነበርን? እላለሁ።

ምክንያት አልነበረም ማለቴ አይደለም። ሁለቱንም አገሮች የሚያስጨንቅ አንድ ኃይል፣ የቴውቶን ፈረሰኞች ማኅበር፣ በሰሜን በኩል ቆሞ ነበር። በ1410 ግሩንቫልድ ላይ የፖላንድና የሊቱዌኒያ ጦር አብሮ ተሰልፎ ድል አደረገው። ፍርሃት ያጋባል፤ አብሮ ለመኖር ግን ከፍርሃት የበለጠ ነገር ያስፈልጋል።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ አገሮች አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሥርወ መንግሥት በወጡ ገዥዎች ሥር፣ ግን በየራሳቸው መንግሥት ኖሩ። ንጉሥ ሲጊስሙንድ አውጉስት ወራሽ ሳይወልድ ዕድሜው ሲገፋ፣ የሞስኮው ኢቫን አራተኛም በ1563 ፖሎትስክን ሲይዝ፣ ጥምረቱ እንዳይፈርስ ተፈራ። በ1569 ሉብሊን ላይ ጉባኤ ተጠራ። የሊቱዌኒያ መኳንንት አገራችን ልትዋጥ ነው ብለው ስብሰባውን ጥለው ወጡ። ንጉሡም ቮሊኒያንና ኪየቭን የመሳሰሉ ሰፊ ግዛቶች ከሊቱዌኒያ ቆርሶ ለፖላንድ ሰጠ። የቀረው እንዳይሄድባቸው የሰጉት መኳንንት ተመለሱ፤ ሐምሌ 1 ቀን ውሉ ተፈረመ። ጽሑፉ የእኩልነትና የወንድማማችነት ነው፤ የተደረሰበት መንገድ ግን የእኩዮች መንገድ አልነበረም።

ለውሉ የሚገባውን ክብር አልነፍገውም። ንጉሡና ሸንጎው የጋራ ሲሆኑ፣ ሊቱዌኒያ ጦሯን፣ ግምጃ ቤቷንና ሕጓን ይዛ ቀረች። አውሮፓ በሃይማኖት ጦርነት ስትታመስ፣ በ1573 በዋርሶ መኳንንቱ በእምነት ልዩነት ደም ላለመፋሰስ ቃል ተጋቡ። ይህ አንድነት ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆየ። ያጠፉትም ጎረቤቶቹ ናቸው፤ ሩሲያ፣ ፕሩሺያና ኦስትሪያ በ1772፣ በ1793 (በዚህኛው ያለ ኦስትሪያ) እና በ1795 ተቀራመቱት።

ነገር ግን እኩልነቱ የማን ነበር? የመኳንንቱ። ለጌታው የሚያርሰው ጭሰኛ በሉብሊን ድምፅ አልነበረውም። የሊቱዌኒያ ጌቶች በትውልድ ቅብብል ፖላንድኛ ተናጋሪ ሲሆኑ፣ የአገሩ ቋንቋ በአብዛኛው በገበሬው ቤት ቀረ። የጌቶቹ ወንድማማችነት ወደዚያ ቤት አልገባም። ስለዚህ በ1918 ሁለቱ አገሮች ነፃ መንግሥት ሆነው ሲነሡ፣ የጥንቱን ውል ለማደስ አልተቻኮሉም። በ1920 የፖላንድ ወታደሮች ቪልኒየስን ያዙ፤ ሁለቱ ጎረቤቶችም እስከ 1938 ድረስ ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት አልነበራቸውም። በገበሬው ቋንቋ የተነሣው አዲሱ ሊቱዌኒያዊ ያን የቀድሞ አንድነት የሚያስበው አገሩንና ቋንቋውን የነጠቀ አድርጎ ነበር።

ታሪኩ ግን በቂም አላበቃም። በ2003 የሊቱዌኒያና የፖላንድ ሕዝብ በየአገሩ ድምፅ ሰጥቶ፣ ግንቦት 1 ቀን 2004 ሁለቱም በአንድ ቀን የአውሮፓ ኅብረት አባል ሆኑ። በዚህኛው ጊዜ ገበሬውም፣ ሠራተኛውም፣ ሴቷም ተጠየቁ። አገሮችን ማስተሳሰር የሚመኝ ሁሉ ከዚህ ይማር፦ ሕዝብ ያልተጠየቀበት አንድነት ዘመናት ሊሻገር ይችላል፤ ያልተጠየቀው ሕዝብ የሚናገርበት ቀን ሲመጣ ግን የሚሟገትለት አያገኝም።